ማራኪ ጨዋታ ወይስ ውጤት፦ ደጋፊ ከእግር ኳስ የሚፈልገው

አንድን ደጋፊ «ቡድንህ አምሮበት ተጫውቶ ቢሸነፍ ይሻልሃል ወይስ አስጠልቶ ቢያሸንፍ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው የሚያገኘው መልስ እንደጠየቀበት ሰዓት ይለያያል። ጨዋታ በሌለበት ቀን ብዙው ሰው «ኳስማ መታየት አለበት» ይላል። በ85ኛው ደቂቃ ቡድኑ 1 ለ 0 እየመራ ሳለ የተጠየቀ ግን ጥያቄውን በቅጡ አይሰማም፤ ዓይኑ ሰዓቱ ላይ ነው። ማራኪ ጨዋታ ይበልጣል ወይስ ውጤት የሚለው ክርክር ያረጀ ነው። አሰልጣኞች ተሹመውበታል፣ ተባረውበታል፤ የጨዋታው ሕግ ሳይቀር ተሻሽሎበታል። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ባለ ቡድኑና ገለልተኛው

ክርክሩን የሚያወሳስበው ሁለት የተለያዩ ሰዎች በአንድ ሚዛን መመዘናቸው ነው። አንደኛው የማንም ወገን ያልሆነው ገለልተኛ ተመልካች ነው። እሱ ጎል ይፈልጋል፣ የተመራ ቡድን አቻ ሆኖ መልሶ ሲመራ ማየት ይፈልጋል፤ ማንም ያሸንፍ ግድ የለውም። ሁለተኛው ባለ ቡድኑ ነው። ለእሱ 4 ለ 3 ያለቀ ጨዋታ አራቱ ጎሎች የማን እንደሆኑ ሳይታወቅ ጥሩም መጥፎም አይባልም።

በኤፕሪል 1996 ሊቨርፑል በአንፊልድ ኒውካስልን 4 ለ 3 ያሸነፈበት ጨዋታ ልዩነቱን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ስታን ኮሊሞር በባከነ ሰዓት አራተኛውን ጎል ሲያስቆጥር ገለልተኛው ተመልካች ዘመን የማይሽረው ጨዋታ አየሁ አለ፤ የኒውካስሉ አሰልጣኝ ኬቨን ኪጋን ግን በሜዳው ዳር በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተደፍቶ ቀረ። ቡድኑ በጥር ወር በ12 ነጥብ ልዩነት ሊጉን ይመራ ነበር፤ ዋንጫውን ግን ማንቸስተር ዩናይትድ ወሰደው። እንግሊዞች ያንን ኒውካስል «አዝናኞቹ» ይሉታል፤ ደጋፊዎቹም እስከ ዛሬ በፍቅር ያነሱታል። ሆኖም ክለቡ በማርች 2025 ሊቨርፑልን 2 ለ 1 ረትቶ የሊግ ካፕን ሲያነሳ ከ1955 ወዲህ ያገኘው የመጀመሪያ ትልቅ የአገር ውስጥ ዋንጫ ነበርና ከተማው በደጋፊ ተጥለቀለቀ። በነገራችን ላይ ኒውካስል በዚያ ቀን የተጫወተውም ጥሩ ነበር፤ ግን አደባባይ የወጣው ሰው የጨፈረው ለዋንጫው ነው።

ስለ ስፖርት የጻፉ የኢኮኖሚ ምሁራን ለረጅም ጊዜ በአእምሯቸው የያዙት ገለልተኛውን ተመልካች ነበር። አሜሪካዊው ሳይመን ሮተንበርግ በ1956 ስለ ቤዝቦል ባሳተመው ጥናት ተመልካችን የሚስበው ውጤቱ አስቀድሞ አለመታወቁ እንደሆነ ጻፈ፤ አንዱ ቡድን ከሌሎቹ እጅግ ከላቀ ገቢው የሁሉም ይቀንሳል ማለት ነው። ሐሳቡ ሊግ ለሚያስተዳድር ሰው ይጠቅማል። ባለ ቡድኑ ግን 3 ለ 0 እየመራ እረፍት ሲወጣ «ምን ያደርጋል፣ ልብ አንጠልጣይነቱ ቀረ» ብሎ ሲያዝን ታይቶ አይታወቅም።

ወደ ደጋፊው ሆድ ጠልቆ የገባው ፒተር ዶልተንና ጆርጅ ማኬሮን በ2018 ያወጡት ጥናት ነው። ሁለቱ ምሁራን ሰዎች በስልክ መተግበሪያ አማካይነት ስሜታቸውን የመዘገቡበትን መረጃ ከጨዋታ ውጤቶች ጋር አገናዝበው ሽንፈት የሚያስከትለው ሐዘን ድል ከሚያመጣው ደስታ በግምት ሁለት እጥፍ እንደሚሆን አሳዩ። ከዚህ ተነስቼ ስናገር፣ ባለ ቡድኑ ድልን ከመመኘቱ በላይ ሽንፈትን ይፈራል። የሰኞ ሥራ ቦታ ፉገራ ሲታሰበው፣ ቡድኑ አስጠሊታ 1 ለ 0 ይዞለት ቢመጣ ደስታውን አይችለውም።

ዘጠናው ደቂቃ ውስጥ

ፍላጎቱ በአንድ ጨዋታ ውስጥ እንኳ ይገለባበጣል። ጨዋታው 0 ለ 0 ሳለ ተከላካዩ ኳሷን ወደ ግብ ጠባቂው ሲመልስ ትሪቡኑ ያጉረመርማል፤ «ወደፊት!» የሚል ጩኸት ይሰማል። በ70ኛው ደቂቃ ከማዕዘን ምት ጎል ከተገኘ በኋላ ያው ተከላካይ ያችኑ ኳስ ለዚያው ግብ ጠባቂ ቢመልስ ይጨበጨብለታል። በ88ኛው ደቂቃ ላይ ወደ ተመልካቹ መቀመጫ የተጠለዘ ኳስ እንደ ጎል ይጨፈርለታል። ግብ ጠባቂው የጎል ምት ከመምታቱ በፊት ካልሲውን ሲያስተካክል የምታልፈው እያንዳንዷ ሰከንድ ለእነዚህኛዎቹ ብልጠት፣ ለእነዚያኛዎቹ ሌብነት ናት። አራተኛው ዳኛ ባከነ ሰዓቱ 6 ደቂቃ መሆኑን በሰሌዳው ሲያሳይ «ከየት የመጣ ስድስት?» ይባላል። የመጨረሻው ፊሽካ ሲነፋም ከአፍ የሚወጣው እፎይታ ነው። ኳስ ለማያይ ሰው ይህን ማስረዳት ይከብዳል፦ ሰውየው ገንዘቡን ከፍሎ ሊዝናና ገብቶ ጨዋታው ቶሎ እንዲያልቅለት ይጸልያል።

ሜኖቲና ቢላርዶ

ጉዳዩን እስከ አመለካከት ልዩነት ድረስ የወሰደችው አርጀንቲና ናት። ሴዛር ሉዊስ ሜኖቲ በ1978 አገሩን ለመጀመሪያ ጊዜ የዓለም ዋንጫ ባለቤት ሲያደርግ እግር ኳስ የሕዝብ ደስታ ነው፣ መንገዱም እንደ ውጤቱ ያምር ዘንድ ይገባል የሚል አቋም ነበረው። ካርሎስ ቢላርዶ በ1986 ሁለተኛውን ዋንጫ ሲያመጣ ተቃራኒውን ወገን ይዞ ነው። ቢላርዶ በተጫዋችነት ዘመኑ ከ1968 እስከ 1970 በተከታታይ ሦስት የኮፓ ሊበርታዶሬስ (የደቡብ አሜሪካ ክለቦች) ዋንጫዎችን የወሰደው፣ በኦስቫልዶ ሱቤልዲያ የሚሠለጥነው የኤስቱዲያንቴስ አባል ነበር። ያ ቡድን ከጨዋታ ውጪ ወጥመድን፣ የቆመ ኳስን፣ ተጋጣሚን ማናደድን ሳይቀር በልምምድ ሜዳ ያጠና ነበር። የአገሩ ደጋፊ ከሁለቱ አንዱን መርጦ ሜኖቲስታ ወይም ቢላርዲስታ ሆነ።

ሁለቱም ወገኖች የሚዘልሉት ነገር አለ። ሜኖቲ የሚደመጠው ዋንጫ ስላነሳ ነው፤ የቢላርዶ ቡድን ደግሞ ዲዬጎ ማራዶና ነበረው፤ በ1986 በእንግሊዝ ላይ ያስቆጠራትን ሁለተኛዋን ጎል አይቶ «ውጤት ብቻ» የሚል የለም። ፈተናው የመጣው በ1990 ነው። አርጀንቲና በጣሊያን በ7 ጨዋታ 5 ጎል ብቻ አስቆጥራ፣ ሁለት ጊዜ በመለያ ምት አልፋ ፍጻሜ ደረሰች። ገለልተኛው ዓለም ተጸየፋት። በቦነስ አይረስ ግን ዋንጫ ያላመጣውን ቡድን ሕዝቡ ነቅሎ ወጥቶ ተቀበለው።

መከላከል ሁልጊዜ አሰልቺ ነው የሚለውም የገለልተኛው ፍርድ ነው። በ2010 የቻምፒየንስ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ ኢንተር ሚላን በካምፕ ኑ ቲያጎ ሞታ በ28ኛው ደቂቃ በቀይ ካርድ ከወጣበት በኋላ በ10 ሰው በሩን ዘግቶ በባርሴሎና 1 ለ 0 ተሸነፈ፤ በደርሶ መልስ 3 ለ 2 አሸንፎ ግን ለፍጻሜ አለፈ። የኢንተር ደጋፊ ያንን ሽንፈት ከብዙ ድሎቹ አብልጦ ያወራዋል። በአትሌቲኮ ማድሪድም የዲዬጎ ሲሞኔ ቡድን ተንሸራቶ የነጠቃት ኳስ እንደ ድሪብል ይጨበጨብላታል። ቡድኑ በ2014 ከ18 ዓመት በኋላ የላሊጋ ዋንጫን በዚህ አጨዋወት ሲወስድ ደጋፊው ያየው ራሱን ነው፦ ሀብታም ያልሆነ፣ ግን እጅ የማይሰጥ።

ተሸንፈው የተወደዱ

የማራኪ ጨዋታ ወገኖች ሁልጊዜ ሦስት ቡድኖችን ይጠራሉ፦ የ1954ቷን ሀንጋሪ፣ የ1974ቷን ኔዘርላንድስ፣ የ1982ቷን ብራዚል። ሦስቱም በዚያ ዓመት የዓለም ዋንጫን አላነሱም፤ ሦስቱም ካሸነፏቸው በላይ ይወሳሉ። ልብ ሊባል የሚገባው ግን እነዚህ ቡድኖች ተሸናፊ ሳይሆኑ አሸናፊነት የለመዱ መሆናቸው ነው። ሀንጋሪ በ1952 የኦሊምፒክ ወርቅ ወስዳለች፣ በ1953 እንግሊዝን በዌምብሌይ 6 ለ 3 አሸንፋለች፤ በፍጻሜው 3 ለ 2 የረታቻትን ምዕራብ ጀርመንንም በምድቡ 8 ለ 3 አሸንፋት ነበር። አምሮበት ተጫውቶ ከምድቡ ሳያልፍ የቀረ ስንቱ ቡድን አለ፤ ማን ያስታውሰዋል?

የብራዚል ነገር የበለጠ ያከራክራል። የቴሌ ሳንታና ቡድን ዚኮን፣ ሶቅራጥስንና ፋልካኦን በመሐል ሜዳ አሰልፎ በባርሴሎናው ሳሪያ ስታዲየም ጣሊያንን ገጠመ። ለማለፍ አቻ ይበቃው ነበር። ሁለት ጊዜ ተመርቶ ሁለት ጊዜ አቻ ከሆነ በኋላም ማጥቃቱን አላቆመም፤ ፓውሎ ሮሲ ሀትሪክ ሠርቶ ጨዋታው 3 ለ 2 አለቀ። ከዚያ ወዲህ «ያምራል ግን አያዋጣም» የሚለው ድምፅ በብራዚል በረታ። በ1994 የካርሎስ አልቤርቶ ፓሬራ ቡድን፣ በጥንቃቄ እየተጫወተ፣ ጣሊያንን በፍጻሜው ከ0 ለ 0 በኋላ በመለያ ምት አሸንፎ የ24 ዓመት ጥማት ቆረጠ። ብራዚላውያን ለዋንጫው ጨፈሩ፤ ስለ ጨዋታ ውበት ሲያወሩ ግን አሁንም የሚጠሩት የ1982ቱን ነው። ዋንጫውን ለመለወጥ ፈቃደኛ የሚሆን ግን ብዙ የሚገኝ አይመስለኝም።

ሕጉ ለተመልካቹ ሲያደላ

አሰልጣኝና ባለ ቡድን ለውጤት ሲሉ ጨዋታውን ማድረቃቸው ስለማይቀር ሕግ አውጪዎች ለገለልተኛው ሲሉ ጣልቃ ይገባሉ። በ1925 ከጨዋታ ውጪ ላለመሆን በአጥቂው ፊት መገኘት የነበረባቸው ተጋጣሚዎች ከሦስት ወደ ሁለት ዝቅ ሲሉ በእንግሊዝ አንደኛ ዲቪዚዮን የተቆጠሩት ጎሎች በአንድ ዓመት ከ1,192 ወደ 1,703 አደጉ። እንግሊዝ ከ1981 ጀምሮ ለድል በሁለት ፈንታ ሦስት ነጥብ መስጠት ጀመረች፤ የዓለም ዋንጫም በ1994 ተከተላት። በጨዋታ በአማካይ 2.21 ጎል ብቻ ከታየበት ከ1990ው የዓለም ዋንጫ በኋላ ደግሞ በ1992 ግብ ጠባቂ ከራሱ ተጫዋች በእግር የተመለሰለትን ኳስ በእጁ እንዳይዝ ተከለከለ።

ባለ ቡድኑም እንኳ ያልዋጠው ውጤት ነበር። በጁን 1982 በስፔኑ የዓለም ዋንጫ፣ በሂሆን ከተማ፣ ምዕራብ ጀርመን በ10ኛው ደቂቃ ገደማ በኦስትሪያ ላይ አንድ ጎል አስቆጠረች፤ በዚያ ውጤት ሁለቱም ስለሚያልፉና አልጄሪያ ስለምትወድቅ የቀረው ሰዓት ኳስ ወደ ጎንና ወደ ኋላ በመቀባበል አለቀ። የአልጄሪያ ደጋፊዎች የገንዘብ ኖት እያውለበለቡ ተቃወሙ፤ ኦስትሪያዊው የቴሌቪዥን ጨዋታ አስተላላፊ የገዛ አገሩን ተመልካቾች ቴሌቪዥናችሁን አጥፉ አላቸው። አገሩ እያለፈች ነበር እኮ። ከ1986 ጀምሮ የምድብ የመጨረሻ ጨዋታዎች በተመሳሳይ ሰዓት እንዲካሄዱ ተደረገ።

ከሁለቱም ውጪ

ውበትም ውጤትም የሌለበት ስታዲየም የሚሞላበት ጊዜ አለ። ማንቸስተር ሲቲ በ1998/99 በእንግሊዝ ሦስተኛ እርከን ሲጫወት በአማካይ ከ28 ሺህ በላይ ሰው ይገባለት ነበር። ሰንደርላንድ በ2018/19 በዚያው እርከን ከ30 ሺህ በላይ ያስገባ ነበር። እነዚህ ሰዎች አባታቸው ስለወሰዳቸው፣ ሰፈራቸው ስለሆነ፣ ጓደኞቻቸው እዚያው ስለሚቀመጡ ነው የሚሄዱት። ስለ ደጋፊ ፍላጎት ሲወራ ይህ መዘንጋቱ ይገርመኛል።

አሸንፎ መባረር

ፋቢዮ ካፔሎ በ2007 ከሪያል ማድሪድ ጋር ላሊጋውን ባሸነፈ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተሰናበተ፤ የቀረበበት ቅሬታ አጨዋወቱ ነው። ብዙ ዋንጫ የጠገበ ክለብ ውበት ቢያምረው አያስደንቅም። የዌስትሃም ግን ይገርማል። በማርች 2014 ዌስትሃም ከወራጅ ቀጠና ለመራቅ የሚያግዘውን 2 ለ 1 ድል በሃል ሲቲ ላይ አግኝቶ ሲወጣ የራሱ ደጋፊ በጩኸት ተቃወመው፤ አሰልጣኙ ሳም አላርዳይስ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ «ምን አላችሁ?» የሚል ምልክት አሳየ። ዓመታት አልፈው ዴቪድ ሞዬስ በ2023 የኮንፈረንስ ሊግ ዋንጫን ሲያመጣ ከ1980 ወዲህ የክለቡ የመጀመሪያ ትልቅ ዋንጫ ነበር። ከዓመት በኋላ ግን ስለ አጨዋወቱ የሚነሳው ማጉረምረም በርትቶ ውሉ ሲያልቅ ተለያዩ። የተሻለ ኳስ ያሳየናል ተብሎ የመጣው ሁሌን ሎፔቴጊ እስከ ጥር 2025 ብቻ ቆየ። በሌላ በኩል ማርሴሎ ቢዬልሳ ሊድስን ከ16 ዓመት በኋላ ወደ ፕሪሚየር ሊግ መልሶ፣ በ2022 ጎል በጎል እየሆነ ሲባረር ደጋፊው ስሙን መዘመሩን አላቆመም።

ነገሩን በአንድ የውድድር ዓመት ጠቅልሎ ያሳየው ቶተንሃም ነው። አንጅ ፖስቴኮግሉ የመጣው ያለ ፍርሃት በማጥቃት ዝናው ነበር። በሜይ 2025 በቢልባኦ በተደረገው የዩሮፓ ሊግ ፍጻሜ ግን ቡድኑ ማንቸስተር ዩናይትድን 1 ለ 0 ያሸነፈው አንዲት በግርግር የገባች ጎል አግኝቶ ቀሪውን ሰዓት ጎሉ ደጃፍ ተከማችቶ በመከላከል ነው። ከ2008 ወዲህ የመጣ የመጀመሪያ ዋንጫ ስለነበር ሰሜን ለንደን በደስታ ሰከረ። በሊጉ 17ኛ ሆኖ ጨርሶ ነበርና አሰልጣኙ በ16ኛው ቀን ተሰናበተ። ደጋፊው ለሁለት ተከፈለ፦ አንዱ ወገን ዋንጫ ያመጣ ሰው እንዴት ይባረራል ሲል፣ ሌላው በሊጉ ከ20 ጊዜ በላይ መሸነፍን ማን ይደግመዋል አለ።