ትሕትና ምንድን ነው?

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ደካማ ኃጢአተኛ ነኝ» ማለት እንወዳለን። እኔም እላለሁ። ግን አንዱ ተነስቶ «እውነትህን ነው፣ ምንም አታውቅም» ቢለን ፊታችን ወዲያው ይለዋወጣል። ለካ ስንጠብቅ የነበረው «ኧረ አንተ ደግሞ!» መባልን ነው።

ቃሉ የግእዝ ነው። «ታሕት» ማለት ታች ነው፤ «ታች» የምንለውም ከዚያው የመጣ ነው። ትሕትና እንግዲህ ወደ ታች መውረድ ነው። በአፍ መውረድ ቀላል ነው። በጉልበት ሲሆን ነው የሚከብደው።

ዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ላይ ኢየሱስ ከራት ተነስቶ ልብሱን ያኖራል፣ ማበሻ ጨርቅ ይታጠቃል፣ የደቀ መዛሙርቱን እግር ያጥባል። ገጠር ያደገ ሰው ይህን ለማየት አይቸገርም። እንግዳ ከመንገድ ሲገባ ለብ ያለ ውኃ ይቀርብለታል። ተረከዙ ተሰነጣጥቋል፣ በጣቶቹ መሀል ጭቃ ደርቋል። ጎንበስ ብሎ የሚያጥበው ብዙ ጊዜ የቤቱ ልጅ ነው፤ አባወራውማ ከእንግዳው ጋር ወሬ ይዟል። በዚያች ማታ ግን ያጎነበሰው መምህሩ ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በየዓመቱ በጸሎተ ሐሙስ ሕጽበተ እግር የሚደረገው ለዚህ ነው፤ ካህናቱ የምእመናኑን እግር በወይራና በወይን ቅጠል ያጥባሉ።

እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ጴጥሮስ ነው። «የእኔን እግር አታጥብም» አለ። ትሑት ይመስላል አይደል? ጌታ ግን «ካላጠብሁህ ከእኔ ጋር ዕድል የለህም» አለው። አጣቢ ስንሆን ሰጪ ነን፣ ደስም ይለናል። ስንታጠብ ግን እድፋችን ይታያል። ታሞ አልጋ ላይ የዋለ ሰው ይህን ያውቃል። ሌላው ልብሱን ሲቀይርለት፣ ሾርባ ሲያጎርሰው፣ «ተው፣ ራሴን እችላለሁ» የሚለው ነገር ሁልጊዜ ጨዋነት አይደለም። አንዳንዴ ኩራት ነው።

በ4ኛው መቶ ዘመን በግብፅ በረሃ፣ በአስቄጥስ፣ ሙሴ ጸሊም የሚባል መነኩሴ ነበር። ከመመንኮሱ በፊት የሽፍቶች አለቃ ነበር። አንድ ወንድም አጥፍቶ ኖሮ መነኮሳቱ ሊፈርዱበት ተሰበሰቡና እሱንም አስጠሩት። የሚያፈስ እንስራ ውኃ ሞልቶ ተሸክሞ መጣ። «ምንድን ነው አባ?» ሲሉት «ኃጢአቴ ከኋላዬ ይንጠባጠባል፣ እኔ አላየውም፤ ዛሬ ግን በሌላው ልፈርድ መጥቻለሁ» አላቸው። ያን ወንድም ይቅር አሉት።

ይህ ማለት ግፍን አንገት ደፍቶ መቀበል አይደለም። ያው ኢየሱስ በጥፊ ሲመታ «ስለ ምን ትመታኛለህ?» ብሎ ጠይቋል።

ለዕለት ኑሮ እኔ የያዝኳት ልምምድ ትንሽ ናት፤ የሰዋስው ነገር ናት። አማርኛችን መደበቂያ ይሰጠናል። «ብርጭቆው ተሰበረ» እንላለን። ማን ሰበረው? ራሱ! «ሰዓቱ ሄደ»፣ «ወረቀቱ ጠፋ»። እና በቀን አንዴ እንኳ «ሰበርኩት»፣ «አረፈድኩ»፣ «ረሳሁት» ለማለት እሞክራለሁ። ቀላል ይመስላል እንጂ ጉሮሮ ላይ ይቆማል።

ባለፈው የቤት ቁልፍ አጣሁና ቤት የምታግዘንን ልጅ ጠየቅኳት። ሦስት ጊዜ። ሦስተኛው ጥያቄ አልነበረም፣ ክስ ነበር። በኋላ ቁልፉ ከገዛ ኮቴ ኪስ ወጣ። «ቁልፉ ተገኘ» ብዬ መኝታ ቤት ገባሁ። ተገኘ! አንድ ሰዓት ያህል እዚያ ስቁነጠነጥ ቆየሁ። ከዚያ ወጥቼ ወጥ ቤት በር ላይ ቆምኩ። «ኪሴ ውስጥ ረስቼው ነው። አንቺን መጠርጠሬ ጥፋት ነው፣ ይቅርታ» አልኳት።

ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቀና እንኳ አላለችም።

«እኔማ አውቄ ነበር፣ ጋሼ» አለችኝ።