የፈረንሳይ ኮሚዩን ምንድን ነው?

ኮሚዩን በፈረንሳይ ትንሹ የመንግሥት እርከን ነው። ፓሪስ ኮሚዩን ናት፤ ሃምሳ ሰው የማይሞላት የተራራ መንደርም ኮሚዩን ናት። ሁለቱም ከንቲባና ምክር ቤት አላቸው። በአገሪቱ 35 ሺህ ገደማ ኮሚዩኖች አሉ፤ ከግማሽ በላዩ ነዋሪያቸው 500 አይደርስም።

ቁጥሩ እንዲህ የበዛው ታሪኩ የቆየ ስለሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1789፣ በአብዮቱ ማግስት የወጣው ሕግ ኮሚዩኖችን ሲያቋቁም አብዛኞቹ የድሮውን የቤተ ክርስቲያን አጥቢያ ይዘው ቀጠሉ።

የገጠሩን ኮሚዩን ለማወቅ ከንቲባውን ማየት ይበቃል። ብዙ ጊዜ ገበሬ ወይም ጡረተኛ ነው። በየስድስት ዓመቱ ሕዝቡ ምክር ቤቱን ይመርጣል፣ ምክር ቤቱ ደግሞ እሱን። ልደትና ሞት ይመዘግባል። ባለ ሦስት ቀለሙን መታጠቂያ አድርጎ ሙሽሮችን ያጋባል፤ እዚያ አገር ቄሱ ጋ የሚኬደው ከማዘጋጃ ቤቱ በኋላ ነው። ሌሊት ዛፍ ወድቆ መንገድ ቢዘጋ የሚደወለውም ለእሱ ነው። ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ የሚባለው ይሄ ነው። ቢሮውን የምትይዘው ጸሐፊ ግን በሳምንት ጥቂት ግማሽ ቀን ብቻ ትገባለች፤ ቀሪውን ጎረቤት ኮሚዩን ትሠራለች።

በየመንደሩ ማለት ይቻላል አንድ የድንጋይ ሐውልት አለ፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት (እ.ኤ.አ. 1914–18) የሞቱት ልጆች ስም ተቀርጾበታል። አንዱ የቤተሰብ ስም ሁለት ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ይገኛል፣ ብዙ ጊዜ ወንድማማቾች ናቸው። በየዓመቱ ኖቬምበር 11 ሰው ተሰብስቦ ስማቸው አንድ በአንድ ይጠራል። ቬርደን አካባቢ ደግሞ በዚያው ጦርነት ድራሻቸው የጠፋ ስድስት መንደሮች ዛሬም ነዋሪ ሳይኖራቸው ኮሚዩን ናቸው። ፍለሪ አንዷ ናት። መራጭ ስለሌለ ከንቲባቸውን የሚሾመው መንግሥት ነው። እኔን ከሁሉ በላይ የሚነካኝ ይህ ነው፤ ሰው ባይኖርም ስሙ ከመዝገብ አይፋቅም።

ሕይወቱ ግን ቀላል አይደለም። ወጣቱ ሥራ ፍለጋ ይወጣል፣ ዳቦ ቤቱ ይዘጋል። ተማሪ ሲያንስ ጎረቤት ኮሚዩኖች ትምህርት ቤቱን ይካፈሉታል። ታናናሾቹ አንዱ መንደር፣ ታላላቆቹ ሌላው መንደር ይማራሉ፤ አውቶቡስ ያመላልሳቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ሕግ ደግሞ ኮሚዩኖች በትልልቅ ኅብረት እንዲሰባሰቡ አስገደደ። እንደ ቆሻሻ ማንሳት ያለው ሥራ ወደዚያ ሄደ። ወጪ ይቆጥባል የሚሉ አሉ። ነገር ግን ውሳኔው ሰላሳ ኪሎ ሜትር ርቆ ሲሄድ አንዲት አሮጊት በር አንኳኩታ የምትጠይቀው ሰው ታጣለች፤ ይህን ወጪ ማንም አይቆጥረውም።

ሆኖም እነዚህ መንደሮች አገር ላይ ድምፅ አላቸው። ለፕሬዚዳንትነት የሚወዳደር ሁሉ የ500 የሕዝብ ተመራጮች ፊርማ ማምጣት አለበት፤ ፈራሚዎቹ በብዛት ከንቲባዎች ናቸው። የስልሳ ሰው መንደር ከንቲባ ፊርማና የሊዮን ከንቲባ ፊርማ እኩል ይቆጠራሉ። ስለዚህ ምርጫ ሲቃረብ ፊርማ ያጠራቸው እጩዎች የትንንሾቹን መንደሮች ከንቲባዎች ደጅ ይጠናሉ።