ላዩ አምሮ ሥሩ የላሸቀ፦ ስለ ቤት ፒዛ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ቺዙ ቀልጦ ወርቃማ ሆኗል። ጠርዙ ተነፍቷል። ሽታው ቤቱን ሞልቶታል። ከዚያ አንዱን ቁራጭ ሲያነሱት ጫፉ ወደ ታች ዘንበል ይልና የተሸከመው ሁሉ ሳህኑ ላይ ዝርግፍ ይላል። ገልበጥ አድርገው ቢያዩት ሥሩ ነጭ ነው። ሊጥ ሊጥ ይላል። ቤቱ ፒዛ የሞከረ ሰው ይቺን ያውቃታል።

እኔም ለብዙ ጊዜ ጥፋቱን ሁሉ ሊጡ ላይ ስጥል ነበር። ዱቄት ቀየርኩ፣ እርሾ ጨመርኩ፣ መልሼ ቀነስኩ። ጠብ ያለ ነገር የለም። ችግሩ ከሥር የሚመጣው ሙቀት ማነሱና ከላይ የሚወርደው ውሃ መብዛቱ ነበር። ስለ ቤት ፒዛ የሚነገሩት የተሳሳቱ ምክሮችም አብዛኞቹ ከሁለቱ አንዱን የዘነጉ ናቸው።

«ኦቨኑ ጢጥ ካለ ሞቋል ማለት ነው»

ጢጥታው የሚነግርዎ የአየሩን ሙቀት ነው። የፒዛው ሥር ግን የሚበስለው በዋናነት በተቀመጠበት ነገር ነው። አየር ቶሎ ይሞቃል፣ በሩን ሲከፍቱት ደግሞ ቶሎ ይወጣል። የፒዛ ድንጋይ ወይም ወፍራም የብረት ሰሌዳ ሙቀት እስኪጠግብ ግን ከ45 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ይፈልጋል። ኦቨኑ ጢጥ ባለ ጊዜ ድንጋዩ ገና መንገድ ላይ ነው።

ድንጋይም ብረትም ከሌለዎት ወፍራም ትሪ ገልብጠው ከኦቨኑ ጋር አብረው ያሙቁት። ፒዛውን በመጋገሪያ ወረቀት ላይ አሰናድተው የጋለው ትሪ ላይ ያንሸራቱት። ወረቀቱ እስከ ስንት ዲግሪ እንደሚችል ማሸጊያው ላይ ተጽፏል፤ ያንብቡት። ሥሩ ከያዘ በኋላ፣ ከ3 ወይም ከ4 ደቂቃ በኋላ ማለት ነው፣ ወረቀቱን ስበው ቢያወጡት ይሻላል። ሌላም ትንሽ ነገር አለች፦ የሚያብረቀርቅ ትሪ ሙቀትን ይመልሳል፣ ጠቆር ያለው ደግሞ ይስባል። ትሪው እንዳይቆሽሽ ብለው ፎይል የሚያለብሱ ሰዎች ሥሩ አልጠበስ ሲላቸው የሚገርማቸው ለዚህ ነው።

«ሙቀቱን ዝቅ አድርጎ ረዘም ላለ ጊዜ መጋገር ሥሩን ያበስለዋል»

ያበስለዋል፣ ልክ ነው። ግን ሁሉንም ነገር አብሮ ያደርቀዋል። ጠርዙ እንደ እንጨት ይሆናል፣ ቺዙ ዘይቱን ይተፋል፣ ሥሩ ደግሞ ገርጥቶ ይቀራል።

ምክንያቱ ውሃ ነው። ውሃ ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈላል። የሊጡ ገጽ እርጥብ እስከሆነ ድረስ ከዚያ ብዙም አልፎ አይሞቅም። ያ የምንወደው ቡናማ ቀለምና ጣዕም ግን በደንብ የሚመጣው ከ140 ዲግሪ በላይ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ውሃው መውጣት አለበት። ይህ ደግሞ ቀላል ሥራ አይደለም። አንድ ማንኪያ ውሃ ከ20 ዲግሪ ተነስቶ 100 እስኪደርስ ከሚፈጀው ጉልበት ይልቅ፣ 100 የደረሰው ያው ውሃ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ የሚፈልገው ጉልበት 7 እጥፍ ገደማ ይበልጣል። ለስለስ ያለ ሙቀት ይህን ሁሉ ጉልበት በቶሎ ማምጣት አይችልም። ስለዚህ ኦቨንዎ የሚችለውን የመጨረሻ ሙቀት ይስጡት። ብዙዎቹ የቤት ኦቨኖች 250 ዲግሪ አካባቢ ይቆማሉ፤ ይበቃል።

«የናፖሊ ዓይነት ምድጃ ስለሌለኝ ነው ኮሽ የማይለው»

ይህቺን ሳነብ ፈገግ እላለሁ። የጣሊያኗ ከተማ የናፖሊ ፒዛ በእንጨት በሚነድ ምድጃ፣ በ430 እና በ480 ዲግሪ መካከል፣ ከ60 እስከ 90 ሰከንድ ውስጥ ይበስላል። ነገር ግን ኮሽ አይልም። እንደ መሐረብ የሚታጠፍ ለስላሳ ፒዛ ነው፣ መሆን ያለበትም እንደዚያ ነው። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሊጡ የሚደርቅበት ጊዜ የለማ!

እንግዲህ ጥርስ ላይ ኮሽ የሚል ሥር ለሚፈልግ ሰው የቤት ኦቨን ዝግ ማለቱ እንዲያውም ይጠቅመዋል። ከ7 እስከ 10 ደቂቃ ሲቆይ ሊጡ ውሃውን ለማስወጣት ጊዜ ያገኛል። የምድጃ ቁጭት የያዛችሁ ሰዎች፣ እባካችሁ ተጽናኑ።

«ዜሮ ዜሮ የሚባለው ዱቄት የግድ ነው» የሚለውም ከዚሁ የመጣ ነው። ዜሮ ዜሮ (00) የሚለው የጣሊያን ዱቄት ስም የሚነግረን ዱቄቱ ምን ያህል እንደተጣራ እንጂ ፕሮቲኑ ምን ያህል እንደሆነ አይደለም። ለዚያ ኃይለኛ እሳት ታስቦ የተዘጋጀው ዓይነት ደግሞ በ250 ዲግሪ ቶሎ አይጠቁርም። ቤት ውስጥ ጠንከር ያለ የዳቦ ዱቄት ብዙ ጊዜ የተሻለ ቀለም ይሰጣል። ሊጡን ከ24 እስከ 72 ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ ቢያሳድሩት ደግሞ ከስታርቹ ስኳር ስለሚወጣ መጥበሱ ይቀናዋል። ከመጋገሩ በፊት ግን 1 ወይም 2 ሰዓት ውጭ ይቆይ፤ የቀዘቀዘ ሊጥ ለመዘርጋትም እምቢ ይላል፣ ሙቀትም ይበላል።

«ሊጡ ቢሳሳ ኮሽ ይል ነበር»

ሁልጊዜ አይደለም። በመዳመጫ ክፉኛ የተዳመጠ ሊጥ ውስጡ ያለው አየር ይወጣል። ከዚያ ስጎውን የሚመክት ነገር አይኖረውም። እርጥበቱ በአንዴ እስከ ታች ይዘልቃል። በእጅ ከመሀል ወደ ጠርዝ እየገፉ ቢዘረጉት ጥቃቅን የአየር ከረጢቶቹ ይተርፋሉ። ሲበስል ኮሽ የሚለው የእነዚያ ስስ ግድግዳ ነው። ውሃ በጣም የቀነሱለት ሊጥም ያው ነው፤ ኮሽ ከማለት ይልቅ ይገግራል። ለ100 ግራም ዱቄት ከ60 እስከ 65 ግራም ውሃ ጥሩ መነሻ ነው።

«ከላይ ሲበዛ ይጣፍጣል»

እዚህ ላይ ከቤተሰብ ጋር ጠብ ይመጣል። ግን ልንገራችሁ። ትኩስ ሞዛሬላ፣ ማለትም ያልደረቀው ለስላሳ የፒዛ ቺዝ፣ ከግማሽ በላይ ውሃ ነው። እንጉዳይ ከ90 በመቶ በላይ። ቲማቲምም እንደዚያው። ይህን ሁሉ ደርድረው ኦቨን ውስጥ ሲከቱ፣ ሊጡ ላይ ሾርባ እየቀቀሉ ነው።

መፍትሔው ፒዛውን ማራቆት አይደለም። ሞዛሬላውን ቆራርጠው ወንፊት ላይ አንድ ሰዓት ያጠንፍፉት፣ ወይም ደረቅ ያለውን ዓይነት ይጠቀሙ። እንጉዳዩን አስቀድመው መጥበሻ ላይ ውሃውን ያስጨርሱት። ለ30 ሴንቲ ሜትር ፒዛ 80 ግራም ገደማ ወፈር ያለ ስጎ ይበቃል፤ ሊጡ እዚህም እዚያም ብቅ ብቅ እያለ መታየት አለበት። ደግሞም ስጎ የተቀባ ሊጥ ቁጭ ብሎ እንግዳ አይጠብቅም። ቀብተው፣ በትነው፣ ወዲያው ወደ እሳት።

«ዘይት ሥሩን ያላሽቀዋል»

ወፍራም የብረት መጥበሻ ውስጥ የሚጋገር ፒዛ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከሥሩ አንድ ሁለት ማንኪያ ዘይት ይፈስበታል። ዘይቱ በሊጡና በብረቱ መካከል ያለውን ክፍተት ሞልቶ ሙቀቱን ያደርሳል፤ ሥሩ እየተጋገረ ይጠበሳል ማለት ነው። ኦቨንዎ ደካማ ከሆነ እኔ የምመርጥልዎ ይሄንን ነው። ሲያወጡት ሥሩን በማንኪያ ቀና አድርገው ይዩት። ነጭ ከሆነ መጥበሻውን ምድጃ ላይ አድርገው በመካከለኛ እሳት 2 ደቂቃ ያቆዩት። ላዩ አይነካም፣ ሥሩ ይጠበሳል።

«ከኦቨን ከወጣ አለቀ»

ቡናማ ሆኖ ወጥቶም ጠረጴዛ ላይ የሚበላሽ አለ። ትኩስ ፒዛ ገና እንፋሎት ያወጣል። ዝርግ ሳህን ላይ ሲያስቀምጡት እንፋሎቱ መውጫ ያጣል፤ ተመልሶ ውሃ ይሆንና ሥሩን ያረጥበዋል። የሽቦ ፍርግርግ ላይ 2 ወይም 3 ደቂቃ ያሳርፉት። ፍርግርግ ከሌለ የኦቨኑን ሽቦ መደርደሪያ ከመሞቁ በፊት አውጥተው ቢያስቀምጡ ለዚህ ይሆናል። በልጆች ጩኸት መሀል 3 ደቂቃ መጠበቅ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ።