ፌሩቾ ሶሌሪ እና የአርሌኪኖ ትወና

ፌሩቾ ሶሌሪ በ1929 (ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በፍሎረንስ የተወለደ ጣሊያናዊ የመድረክ ተዋናይ ነው። ስሙ የሚነሣው «የሁለት ጌቶች አሽከር» በተሰኘው ኮሜዲ ውስጥ ከሚገኘው አሽከር ከአርሌኪኖ ጋር ነው። ይህን ሚና ከ1960 ጀምሮ እስከ 2018 ድረስ ከ2 ሺህ ጊዜ በላይ ተጫውቶታል። ጊነስ የድንቃድንቅ መዝገብም በአንድ ሚና እጅግ ረጅም ዘመን የቆየ ተዋናይ ብሎ መዝግቦታል።

ተውኔቱን ጣሊያናዊው ጸሐፌ ተውኔት ካርሎ ጎልዶኒ የጻፈው በ1745 ገደማ፣ በፒዛ ከተማ በጥብቅና ሙያ ላይ ሳለ ነው። ያስጻፈው አንቶኒዮ ሳኪ የተባለ የዘመኑ ስመ ጥር ተዋናይ ሲሆን፣ አሽከሩም በመጀመሪያ ትሩፋልዲኖ ይባል ነበር። ጎልዶኒ በሕይወት ታሪኩ ሳኪን ሲያመሰግን፣ በቀልዱ ውስጥ የሴኔካ፣ የሲሴሮና የሞንቴኝ ሐሳብ ይገኝ እንደነበር ጽፏል። ለአንድ ቀልደኛ ከዚህ የበለጠ ውዳሴ ማግኘት ይከብዳል። ከሳኪ በኋላ ባሉት ሁለት መቶ ዓመታት የጭምብል ቴአትር ጥበብ እየደበዘዘ ሄደ።

ትንሣኤው የሚላኖው ፒኮሎ ቴአትሮ ነው። ቴአትር ቤቱ በግንቦት 1947 ተከፈተ፤ በሐምሌ ወር አዘጋጁ ጆርጆ ስትሬለር የጎልዶኒን ተውኔት አዘጋጅቶ አቀረበ። አርሌኪኖን የተጫወተው የቬኒሱ ተወላጅ ማርቼሎ ሞሬቲ ነበር። ሞሬቲ በመጀመሪያ ጭምብል አላጠለቀም፤ ፊቱን ጥቁር ቀለም ይቀባ ነበር። በኋላ የፓዶቫው ቀራፂ አምሌቶ ሳርቶሪ የጥንቱን የአሠራር ዘዴ ፈልጎ አግኝቶ ከቆዳ ሠራለት፤ ከዚያ ወዲህ ጭምብሉ ከአርሌኪኖ አልተለየም።

ሐያስያን ሶሌሪን ሲያደንቁ ደጋግመው የሚያነሡት የሰውነቱን ቅልጥፍና ነው። ፊቱ ስለተሸፈነ የሚናገረው በአንገቱ፣ በትከሻውና በጉልበቱ ነው። ዝነኛው የዝንብ ትዕይንት ይህን ያሳያል። አርሌኪኖ ርቦታል። አንዲት ዝንብ ስትዞር ያያል፤ ዝንቧ ግን መድረኩ ላይ የለችም። ተመልካቹ የሚያያት በጭምብሉ አዟዟር ብቻ ነው። አንገቱ ይከተላታል፣ መዳፉ ቀስ ብሎ ይነሣል፣ ለቀም አድርጎ ይይዛታል፤ ክንፎቿን ነቅሎም ይበላታል። ይህን ቀልድ ያዳበረው ሞሬቲ እንደሆነ ይነገራል። በሁለተኛው ገቢር ደግሞ ሁለቱ ጌቶች በአንድ ማረፊያ ቤት፣ በተለያየ ክፍል ይመገባሉ። አሽከሩ አንዱ ስለ ሌላው እንዳያውቅ የሚወረወሩለትን ሳህኖች እየቀለበ ይሯሯጣል። ፑዲንግ የተባለው ለስላሳ ምግብ ሲንቀጠቀጥ የሶሌሪም ሰውነት ከእግር እስከ ራሱ አብሮት ይንቀጠቀጣል። በቃል ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን አንዲት እርምጃ ብትዘገይ ሳቁ ይሞታል።

ሶሌሪ ሚናውን የለመደው ከሞሬቲ ሲሆን፣ በ1960 በኒውዮርክ ለመጀመሪያ ጊዜ ተክቶት ተጫወተ። ሞሬቲ በ1961 ዐረፈ። ከ1963 ጀምሮ ሚናው ሙሉ በሙሉ የሶሌሪ ሆነ።

በኋለኞቹ ዓመታት ተመልካቹን ከሁሉ በላይ ያስደነቀው የመጨረሻው ስንብት ነበር። ሲዘል፣ ሲገለባበጥና ሲንከባለል ያመሸው አሽከር እጅ ነሥቶ ጭምብሉን ሲያወልቅ፣ ከሥሩ የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ፊት ይወጣል። ከ2018 በኋላ ሚናውን የተረከበው ቀደም ሲል ከእርሱ ጋር እየተፈራረቀ ሲጫወተው የነበረው ኤንሪኮ ቦናቬራ ነው።