ኑሮ ሲቀየር ሜዲኬይድ ምን ይሆናል? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደመወዝ ጨመረ። ልጅ ተወለደ። ከቨርጂኒያ ወደ ሜሪላንድ ቤት ተቀየረ። ግሪን ካርድ መጣ። አሜሪካ ውስጥ ሜዲኬይድ ላለው ሰው እነዚህ ሁሉ ለቢሮው መነገር ያለባቸው ለውጦች ናቸው። ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ መስጊድ በር ላይ፣ ቡና ላይ የሚሰማው ምክር ግን ብዙ ጊዜ «ዝም በል፣ አትነካካው» የሚል ነው።

ይህ ምክር ብዙ ሰው ጎድቷል። በኮሮና ጊዜ፣ ከማርች 2020 እስከ ማርች 2023፣ ስቴቶች ከጥቂት ምክንያት በቀር ሰው ከሜዲኬይድ እንዳያስወጡ ተከልክለው ነበር። ኤፕሪል 2023 ላይ ማጣራቱ እንደገና ተጀመረ። ከዚያ በኋላ ከ20 ሚሊዮን በላይ ሰው ወጣ። አብዛኞቹ የወጡት ገቢያቸው በዝቶ ተገኝቶ አይደለም። ደብዳቤ ስላልደረሳቸው፣ ፎርም ስላልመለሱ፣ የተጠየቁትን ማስረጃ ስላልላኩ ነው። ሰው ካርዱን የሚያጣው ከለውጡ ይልቅ በዝምታው ነው የምለው ለዚህ ነው።

ሜዲኬይድ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የፌዴራሉ መንግሥትና ስቴቶች በጋራ የሚከፍሉት የጤና ሽፋን ስለሆነ ስሙም ደንቡም በየስቴቱ ይለያያል። ካሊፎርኒያ ሜዲካል፣ ዋሽንግተን ስቴት አፕል ሄልዝ፣ ቨርጂኒያ ካርዲናል ኬር ይሉታል። ከዚህ በታች ያለው በአብዛኛው በሁሉም ዘንድ የሚሠራ ነው። የስቴት ልዩነት ባለበት እናገራለሁ።

«ካልነገርኳቸው አያውቁም»

ያውቃሉ። ስቴቶች አሠሪዎች በየሦስት ወሩ የሚያስገቡትን የደመወዝ መረጃ ያያሉ። ከሶሻል ሴኩሪቲ ጋር ያመሳክራሉ። አንድ ሰው በሁለት ስቴት ተመዝግቦ እንደሆነም የሚያጣሩበት ሥርዓት አላቸው። መረጃው እርስዎ ከሰጡት ጋር ካልገጠመ ደብዳቤ ይመጣል፦ «ማስረጃ ላኩ፣ እስከዚህ ቀን»። ያ ደብዳቤ ሳይከፈት ከቀረ ካርዱ ይዘጋል። እያወቁ መደበቅ ደግሞ ገንዘብ እስከ ማስመለስና እስከ ክስ ሊያደርስ ይችላል።

ቀነ ገደብም አለው። ካሊፎርኒያና ቨርጂኒያ ለውጡ በሆነ በ10 ቀን ውስጥ ይነገረን ይላሉ። ዋሽንግተን ስቴት 30 ቀን ይሰጣል። የእርስዎ ስቴት ስንት ቀን እንደሚሰጥ ካርዱ ሲፈቀድ የተላከልዎት ደብዳቤ ላይ ተጽፏል።

«ገቢዬ ጨመረ ካልኩ የቤቱ ሰው ሁሉ ካርድ ይሰረዛል»

ከሁሉም በላይ ሰው የሚፈራው ይህን ነው። እናት ተጨማሪ ሽፍት ታገኛለች፣ ግን «የልጆቼ ካርድ ይሄዳል» ብላ ትተወዋለች። የዕድገት ችግር ያለበት ልጅ ሐኪም እንዳያጣ ብላ ነው። ስጋቷ ይገባኛል። ሕጉ ግን ቤተሰቡን በጅምላ አያይም። እያንዳንዱን ሰው ለብቻ ነው የሚመዝነው።

ሜዲኬይድን ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ጎልማሶች ባሰፉት ስቴቶች የጎልማሳ የገቢ ጣሪያ የፌዴራሉ የድህነት መስመር 138 በመቶ ነው። በ2025 መለኪያ ለአንድ ሰው በወር 1,800 ዶላር ገደማ፣ ለአራት ሰው ቤተሰብ 3,700 ዶላር ገደማ ነበር። (ቴክሳስና ጆርጂያ ፕሮግራሙን በዚህ መልክ ስላላሰፉት ዳላስና አትላንታ ላሉ ጎልማሶች በሩ በጣም ጠባብ ነው።) የልጆች ጣሪያ ግን ከወላጆቹ በጣም ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ አባትና እናት ወጥተው ልጆቹ የሚቀሩበት ጊዜ ብዙ ነው።

ከዚያም በላይ ከጃንዋሪ 1፣ 2024 ጀምሮ ከ19 ዓመት በታች ያለ ልጅ አንዴ ከተፈቀደለት 12 ወር ሙሉ አይነካም። በመሃል የወላጅ ገቢ ቢጨምርም እስከ እድሳቱ ይቆያል። ነፍሰ ጡርም እንዲሁ ናት። በእርግዝናዋ መሃል ገቢ ቢጨምር ሽፋኗ አይቋረጥም፤ ከወለደች በኋላም በአብዛኞቹ ስቴቶች 12 ወር ይቀጥላል። ሜዲኬይድ ካላት እናት የተወለደ ሕፃን እስከ አንድ ዓመቱ ሽፋን አለው። ይህ የሚሠራው ግን መወለዱ ሲነገር ነው። ቢሮው ያልሰማው ሕፃን ካርድ አይወጣለትም፣ የክትባቱ ቢል ቤት ይመጣል።

በሥራ ገቢ ምክንያት ለሚወጡ አንዳንድ ወላጆችም ወዲያው የማይዘጋ፣ እስከ አንድ ዓመት ሊቀጥል የሚችል የመሸጋገሪያ ሽፋን አለ። «ትራንዚሽናል» የሚባለው አለ ወይ ብለው ይጠይቁ። ሳይጠየቁ የሚናገሩት ሁሉም ኬዝ ወርከሮች አይደሉም።

በእርግጥ ሜዲኬይዱ ካበቃ ደግሞ ሰዓት መቁጠር ይጀመራል። በሥራ ቦታዎ ኢንሹራንስ ካለ ለመግባት 60 ቀን አለዎት። ኢንሹራንስ በሚገዛበት የመንግሥት ድረ ገጽ፣ በሄልዝኬር ዶት ጎቭ በኩል ከሆነ 90 ቀን። ለውጡን ቀድሞ የተናገረ ሰው ይህን ጊዜ ይጠቀምበታል። ዝም ያለው መዘጋቱን የሚሰማው ፋርማሲ ቆሞ ነው።

«ኡበር ላይ የሚታየው ገንዘብ ሁሉ ገቢዬ ነው»

አይደለም። ኡበር፣ ሊፍት ወይም ታክሲ የሚነዳ ሰው ገቢው የሚቆጠረው ወጪው ከተቀነሰ በኋላ ነው። አንድ ብቻውን የሚኖር ሹፌር እናስብ። በወር 3,600 ዶላር ገባለት። ለሥራ 3,000 ማይል ነዳ። የ2025 የታክስ ተመን ለአንድ ማይል 70 ሳንቲም ነበር፣ ስለዚህ 2,100 ዶላር ይቀነሳል። የሚቀረው 1,500 ነው። 3,600 ብሎ ቢጽፍ የጣሪያው እጥፍ ይሆናል። 1,500 ከሆነ ግን ውስጥ ነው። ማይሉን በየቀኑ የመዘገበ ሹፌርና ያልመዘገበ ሹፌር ልዩነታቸው ይህን ያህል ነው። የቤንዚንና የጥገና ወጪን ከማይል ተመኑ ላይ ደርቦ መቀነስ ግን አይቻልም። አንዱን ነው የሚመርጡት።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር። ሀገር ቤት ለእናት የሚላክ ገንዘብ ከገቢ አይቀነስም። ያሳዝናል፣ ግን ደንቡ ነው። በተቃራኒው ወንድም የሰጠው ስጦታ፣ የተበደሩት ብር፣ ለልጅ ማሳደጊያ ከቀድሞ ባል የሚመጣ ገንዘብ በዚህ ስሌት ውስጥ እንደ ገቢ አይገባም። ብዙ ሰው እነዚህን ጨምሮ ይጽፍና ራሱን በራሱ ያስወጣል።

ገቢ ሲቀንስም ይናገሩ። ሰዓት ከተቀነሰብዎ ትናንት ከጣሪያው በላይ የነበሩት ሰው ዛሬ ሊገቡ ይችላሉ። ሜዲኬይድ በዋናነት የሚያየው የአሁኑን የወር ገቢ ነው።

«አብሮኝ የሚኖር ሁሉ ቤተሰብ ይባላል»

ወሳኙ ታክስ ነው። በአጭሩ አንድ ላይ ታክስ የሚያስገቡ ባልና ሚስት፣ ልጆች እና ታክስ ላይ የተያዙ ጥገኞች አንድ ቤተሰብ ናቸው። ቤዝመንቱን የተከራየው የአጎት ልጅ አይቆጠርም፣ ገቢውም እንዲሁ። ጋብቻና ፍቺ ግን ስሌቱን ከሥሩ ይቀይራሉ፣ ስለዚህ ይነገሩ።

«አድራሻዬን ፖስታ ቤት ቀይሬያለሁ፣ በቃ»

ፖስታ ቤት ሜዲኬይድ ቢሮ አይደለም። መንጃ ፈቃድ ላይ መቀየርም፣ ለሐኪሙ መንገርም፣ ካርዱ ላይ ስሙ ላለው የኢንሹራንስ ኩባንያ መንገርም ብቻውን አያስተማምንም። የሚወስነው ስቴቱ ነው። በድረ ገጹ፣ በስልክ ወይም በአካል በቀጥታ ለስቴቱ ቢሮ ይንገሩ። ስልክ ቁጥር ሲቀይሩም እንዲሁ።

ደብዳቤው ሲደርስ ደግሞ ሦስት ነገር ይፈልጉ። ላይኛው ጥግ ላይ የኬዝ ቁጥርዎ አለ። ቀጥሎ «ዱ ዴት» የሚል፣ ወረቀቱ እስከ መቼ መመለስ እንዳለበት የሚያሳይ ቀን አለ። «ኢፌክቲቭ ዴት» የሚለው ደግሞ ሽፋኑ የሚቀየርበት ወይም የሚዘጋበት ቀን ነው። የቀረው ገጽ በአብዛኛው ለሁሉም የሚላክ ጽሑፍ ነው። እነዚህን ሦስቱን በእስክሪብቶ ያክብቡና ማቀዝቀዣው ላይ ይለጥፉት።

«ስቴት ብቀይር ካርዱ አብሮኝ ይሄዳል»

አይሄድም። ከሲያትል ወደ ሚኒያፖሊስ የሄደ ሰው የዋሽንግተኑን አዘግቶ ሚኒሶታ ላይ አዲስ ማመልከት አለበት። ደስ የሚለው ነገር፣ አዲሱ ስቴት «መጀመሪያ ይህን ያህል ወር ኑር» ማለት አይችልም። በገቡበት ሳምንት ማመልከት ይቻላል።

«ሀገር ቤት ደርሼ ብመጣ ማን ያውቃል»

ለጊዜው ሄዶ መመለስ በራሱ የስቴቱን ነዋሪነት አያሳጣም። ነገር ግን ሜዲኬይድ አዲስ አበባ ለሚደረግ ሕክምና አይከፍልም። ትልቁ አደጋ ደግሞ የእድሳት ደብዳቤው እርስዎ በሌሉበት መምጣቱ ነው። ፖስታውን የሚከፍት ሰው ይወክሉ። ቢሮው ጋር ፎርም ሞልተው ልጅዎን ሕጋዊ ተወካይ ማድረግም ይችላሉ።

ኤስኤስአይ (ሶሻል ሴኩሪቲ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች የሚከፍለው ወርሃዊ ድጎማ) የሚያገኙ እናቶችና አባቶች ይበልጥ ይጠንቀቁ። ከአሜሪካ ውጭ 30 ቀን ሲሞላ ኤስኤስአይ ይቋረጣል። በብዙ ስቴት ሜዲኬይዱ የመጣው በኤስኤስአይ በኩል ስለሆነ አንዱ ሲቆም ሌላውም ይናጋል። ከመሄድዎ በፊት ለሶሻል ሴኩሪቲ ይንገሩ።

«ግሪን ካርድ መጣ አልመጣ፣ ለሜዲኬይድ ምን አገባው?»

በጣም ያገባዋል፣ አሁን ደግሞ ከምንጊዜውም በላይ። ጁላይ 4፣ 2025 የተፈረመው ትልቁ የበጀት ሕግ ከኦክቶበር 1፣ 2026 ጀምሮ የፌዴራል ሜዲኬይድ የሚያገኙ የውጭ ዜጎችን ዝርዝር አጥብቧል። ጥገኝነት የተፈቀደላቸውና በስደተኝነት የገቡ ሰዎች ግሪን ካርድ እስካላገኙ ድረስ ከዝርዝሩ ይወጣሉ። ግሪን ካርዱ ኪስዎ ውስጥ ሆኖ ፋይልዎ ላይ ግን «አሳይለም» (ጥገኝነት) የሚል ብቻ ካለ፣ ኮምፒውተሩ የሚያየው አሮጌውን ነው። ኮፒውን ይላኩ።

በዲቪ የመጣ ጎልማሳ በአብዛኛው 5 ዓመት ይጠብቃል። ብዙ ስቴቶች ግን ልጆችንና ነፍሰ ጡሮችን ይህን አያስጠብቁም። መጀመሪያ ዓመት ላይ «አይገባህም» የተባለ ሰው ብዙ ጊዜ ተመልሶ አይጠይቅም። 5 ዓመቱ ሲሞላ፣ ወይም ዜግነት በወሰዱበት ቀን፣ መልሱ ይቀየራል። ዜግነት ለማመልከት «ፐብሊክ ቻርጅ» የሚባለው፣ ሰውየው የመንግሥት ጥገኛ ይሆናል ወይ የሚለው መመዘኛ እንደማይሠራም ይወቁ። ግሪን ካርድ ያልያዘ ሰው ግን በራሱ ጉዳይ ጠበቃ ቢያማክር ይሻላል።

«ዓመት አንዴ ማደስ ይበቃል»

ማደስ ሌላ፣ ለውጥ መናገር ሌላ ነው። በዚያው የ2025 የበጀት ሕግ ምክንያት ደግሞ በተስፋፋው ፕሮግራም ውስጥ ያሉ ጎልማሶች ከ2026 መጨረሻ ጀምሮ በየ6 ወሩ ያድሳሉ። ቢዘገይ ከጃንዋሪ 1፣ 2027 ጀምሮም ብዙዎቹ በወር 80 ሰዓት ሥራ፣ ትምህርት ወይም የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ማሳየት ይጠበቅባቸዋል። ነፍሰ ጡሮች፣ ዕድሜው 13 ወይም ከዚያ በታች የሆነ ልጅ ያላቸው ወላጆች፣ ከባድ ሕመም ያለባቸው ነፃ ናቸው። ነፃ መሆንዎን ግን ፋይሉ ካላወቀ ደብዳቤው ወደ እርስዎም ይመጣል። ስለዚህ ያረገዘች፣ የታመመ፣ ሰዓቱ የተቀነሰበት ሰው ያኔውኑ ያሳውቅ። የደመወዝ ወረቀትም አይጣል።

«ተዘግቷል ካለ አለቀ»

አላለቀም። ቢሮው ሽፋን ከመዝጋቱ ቢያንስ 10 ቀን በፊት በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። ስህተት ነው ካሉ «ፌር ሂሪንግ» ይጠይቁ፣ ይግባኝ ማለት ነው። ከመዝጊያው ቀን በፊት ከጠየቁ እስኪወሰን ሽፋኑ እንዲቀጥል ማድረግ ይቻላል። ከተረቱ ግን በዚያ መሃል የተከፈለውን ስቴቱ ሊጠይቅዎ እንደሚችል ይወቁት። የተዘጋው የእድሳት ፎርም ሳይመለስ ቀርቶ ከሆነ ደግሞ፣ ለአብዛኛው ቤተሰብ 90 ቀን አለ። በዚያ ውስጥ ፎርሙን ከመለሱ እንደ አዲስ ማመልከት ሳያስፈልግ ቢሮው ያየዋል።

«እንግሊዝኛዬ አይበቃም፣ ልጄ ይደውልልኝ»

የ12 ዓመት ልጅ የእናቱን ገቢና ሕመም ለመንግሥት ቢሮ እንዲያስረዳ ማድረግ ለልጁም ከባድ ነው፣ ስህተትም ይበዛበታል። የፌዴራሉ ደንብም ከድንገተኛ አደጋ በቀር በልጆች ማስተርጎምን ይከለክላል። አስተርጓሚ በነፃ የማግኘት መብት አለዎት። ዋሽንግተን ዲሲ ከ2004 ጀምሮ የቋንቋ ሕግ አላት፣ አማርኛም ቢሮዎቿ አገልግሎት ከሚሰጡባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ስልኩ ሲነሳ «አምሃሪክ» ማለት ይበቃል፤ መስመሩ ላይ ይቆዩ፣ ያገናኙዎታል። አስተርጓሚው ሲገባ የኬዝ ቁጥርዎን ይስጡ፣ ለውጡንና የሆነበትን ቀን ይናገሩ። ከመዝጋትዎ በፊት ያነጋገረዎትን ሠራተኛ ስም፣ ቀኑንና የማረጋገጫ ቁጥሩን ጽፈው ያስቀምጡ። ለዚህ ሁሉ አንድ ሳንቲም አይከፈልም፤ «ፎርም እሞላልሃለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ካለ አይክፈሉት።