የሕዝብ ብዛት ሌላ፣ ጥግግት ሌላ

ይህን የምጽፈው ሁለቱ አሁንም እየተምታቱ ስላየሁ ነው። ብዛት የሰው ቆጠራ ነው፣ አለቀ። ጥግግት ግን ሰዉ ለመሬቱ ስፋት ሲካፈል የሚገኘው ነው።

ጣጣው «ለየትኛው መሬት?» ሲባል ይመጣል። አንድ የመንዝ ቀበሌ እናስብ፤ ቁጥሩን ለምሳሌ ያህል ነው የማነሳው። 2,000 ሰው በ20 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ቢኖር ጥግግቱ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 100 ሰው ነው። ግን ገደሉንና ቋጥኙን ማን ያርሳል? የሚታረሰው 5 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ከሆነ፣ በእርሻ መሬት ሲሰላ 400 ይሆናል። ፊዚዮሎጂካል ጥግግት የሚሉት ይሄንን ነው፤ ስሙ ነው የሚያስፈራው።

ስሌቱ የትም ቦታ አንድ ነው። የሚለያየው «የሚታረስ» የሚባለው መሬት ነው፤ ጦም ያደረውን አንዱ ይቆጥረዋል፣ ሌላው ይተወዋል።