«ንቅለ ተከላ» ሲባል ቀዶ ሕክምና ማለት አይደለም
የሊምፎማ (የሊምፍ ሥርዓት ካንሰር) ሕመምተኛ «የስቴም ሴል ንቅለ ተከላ ያስፈልግዎታል» ሲባል፣ ማለትም የደም መሥሪያ እናት ሴሎችን መስጠት፣ ቤተሰቡ ስለ ቀዶ ሕክምናና ስለ ለጋሽ ይጨነቃል። ቀዶ ሕክምና የለም፤ ለጋሽም ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። ላገረሸ ሊምፎማ በብዛት የሚሠራው የራስን ሴል መልሶ መስጠት ነው። ሴሎቹ ከሕመምተኛው ደም በማሽን ተለይተው በጥልቅ ቅዝቃዜ ይቀመጣሉ፤ ከዚያ እጅግ ከባድ ኬሞቴራፒ ይሰጣል። ካንሰሩን የሚገድለው ይህ መድኃኒት ነው፤ ንቅለ ተከላው አይደለም! ስሙ የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው። መድኃኒቱ መቅኔንም ስለሚያወድም፣ የተቀመጡት ሴሎች በደም ሥር ይመለሳሉ፤ ወደ አጥንት መቅኔ ራሳቸው ሄደው ይሰፍራሉ፤ ከ10 እስከ 14 ቀናት ገደማም አዲስ ደም መሥራት ይጀምራሉ። የሚያስፈሩት እነዚያ ቀናት ናቸው፤ ሰውነት መከላከያ የለውምና ቀላል ትኩሳት እንኳ ወዲያው ለሐኪም መነገር አለበት። ሴሉ ከለጋሽ ሲመጣ ግን የለጋሹ በሽታ ተከላካይ ሴሎችም ካንሰሩን ይዋጋሉ፤ የተቀባዩንም አካል ሊያጠቁ ይችላሉ።